ለትንሽ ቴሌስኮፕ የትኛው መቆሚያ ይሻላል? በኢትዮጵያ ሰማይ ሥር የተደረገ ንጽጽር

ቴሌስኮፕ ለመግዛት የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት እጥፍ ያጎላል?» ብሎ ነው። ትንሽ ያነበበ ከሆነ የሌንሱን ወይም የመስታወቱን ስፋት ይጠይቃል። ስለ መቆሚያው የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው። ቴሌስኮፕ ተገዝቶ፣ ሁለት ሦስት ሌሊት ተሞክሮ፣ ከዚያ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የሚለብሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመቆሚያው የተነሣ ነው። 70 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ደህና ሌንስ የሳተርንን ቀለበት ለይቶ ያሳያል። በሚንቀጠቀጥ እግር ላይ ሲቀመጥ ያው ሌንስ የሚያሳየው ወዲያ ወዲህ የሚዘል የብርሃን ነጥብ ነው።

መቆሚያዎች በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። አልት-አዚሙዝ የሚባለው ሁለት እንቅስቃሴ ብቻ አለው፦ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ። ኢኳቶሪያል የሚባለው አንዱ ዘንጉ ምድር ከምትሽከረከርበት ዘንግ ጋር ትይዩ እንዲሆን ተጋድሞ ይቆማል፤ በትክክል ከተስተካከለ አንድ እጀታ ብቻ እያዞሩ ኮከብ መከተል ይቻላል። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጡ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ ኢኳቶሪያሉን እንደ ከፍተኛ ደረጃ፣ አልት-አዚሙዙን እንደ መለማመጃ ያቀርቡታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ በዓይኑ ለሚመለከት ሰው ይህ ምክር የተገለበጠ ነው እላለሁ። ምክንያቱ ያለው ሰማዩ ላይ ስለሆነ ከዚያ እንጀምር።

## በእኛ ኬክሮስ ሰማዩ እንዴት ይሄዳል?

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ተመልካቹ ካለበት ኬክሮስ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሲታይ ከአድማስ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ይላል። ክንድዎን ዘርግተው ጡጫ ቢጨብጡ የጡጫው ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ነው፤ ኮከቡ ከዚያም ዝቅ ይላል ማለት ነው። ከተማዋ በስተሰሜን በኩል እንጦጦ ተራራ አለባት፤ ለተራራው ቀረብ ላሉ ሰፈሮች ኮከቡ ከጀርባው ሊደበቅ ይችላል። ጎንደር ላይ 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ፣ አርባ ምንጭ ላይ 6 ዲግሪ ነው። ኢኳቶሪያል መቆሚያ በአብዛኛው የሚስተካከለው ይህንን ኮከብ ታይቶ ነው።

አሁን ወደ ጥቅሙ እንምጣ። ምድር በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ትዞራለች፤ ጨረቃ ስፋቷ ግማሽ ዲግሪ ስለሆነ በ2 ደቂቃ ውስጥ የራሷን ስፋት ያህል ትሄዳለች። በ100 እጥፍ ጉልህነት ተራ አይፒስ (ዓይን የሚጠጋበት ትንሹ ሌንስ) የሚያሳየው የሰማይ ክፍልም ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ መሃል ላይ ያስቀመጡት ፕላኔት በ1 ደቂቃ ውስጥ ከእይታ ይወጣል፤ መቆሚያው ያለማቋረጥ መከተል አለበት። በየትኛው አቅጣጫ የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ከአዲስ አበባ አናት በላይ የሚያልፍ ኮከብ በምሥራቅ ወጥቶ አናት እስኪደርስ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ወደ ላይ 90 ዲግሪ ሲወጣ ወደ ጎን የሚሄደው 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ያው ኮከብ ለንደን ላይ ወደ ላይ 47 ዲግሪ ገደማ ሲወጣ ወደ ጎን ከ100 ዲግሪ በላይ ይዞራል። የለንደኑ ተመልካች ሁለቱን እጀታዎች እያፈራረቀ ሲያዞር፣ የአዲስ አበባው የላይ-ታቹን ብቻ ቀስ እያደረገ ሰዓታት መቆየት ይችላል።

ለዚህ ጥቅም የሚከፈል ዋጋ አለ፤ እሱም አናት ላይ ነው። ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች የሚሄዱበት መስመር በእኛ ሰማይ ለአናት ቅርብ ነው። ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለው ቀዩ ኮከብ ቤተልጌዝ ከአናት 2 ዲግሪ እንኳ ሳይርቅ ያልፋል። አልት-አዚሙዝ መቆሚያ የሚቸገረው ደግሞ በትክክል እዚያ ነው። ከፍታው 85 ዲግሪ የደረሰን ነገር በሰማዩ ላይ 1 ዲግሪ ወደ ጎን ለመከተል መቆሚያውን 11 ዲግሪ ተኩል ያህል ማዞር ያስፈልጋል፤ ልክ አናት ላይ ሲደርስ ዙሪያውን ገልብጦ ወደ ሌላው ጎን መዞር ግድ ይሆናል። ከዚህ ሌላ የረጅም ቱቦ ጭራ ከትራይፖዱ እግር ጋር ይጋጫል፣ አይፒሱም ወደ ታች ወርዶ አንገት ያስቀጣል።

ስለዚህ እዚህ አገር አልት-አዚሙዝ ሲመረጥ መፈተን ያለበት ዋናው ነገር ወደ አናት ሲያመለክት የሚሆነው ነው። የሻጭ ገለጻ ይህን አይነግርም። የአጠቃቀም ዘዴም ይረዳል፦ ከአናት በላይ የሚያልፍ ነገር አናት ከመድረሱ 1 ሰዓት በፊት፣ ወይም ካለፈ 1 ሰዓት በኋላ፣ ከፍታው 75 ዲግሪ ነው። አየሩ አሁንም ጥርት ያለ ነው፣ መቆሚያውም በቀላሉ ይከተላል።

## መለኪያዎቹ

ከአናቱ ፈተና ቀጥሎ የማስቀድመው እርጋታን ነው። ቱቦውን በጣት ጫፍ መታ አድርገው ምስሉ እስኪረጋ ሰከንድ ይቁጠሩ። ከ2 ሰከንድ በታች ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ 3 ሰከንድ ይቻላል፤ 5 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከሆነ ፎከስ ባስተካከሉ ቁጥር ምስሉን ያጡታል።

ሦስተኛው፣ ያቆሙበት ቦታ መቆየቱ ነው። ይህን በቀን መፈተን ይቻላል። ሩቅ ያለ የመብራት ምሰሶ ወይም የጣሪያ ጫፍ መሃል ላይ ያስገቡ፣ ማጥበቂያውን ያጥብቁ፣ እጅዎን ይልቀቁ። ምስሉ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ከዘለለ ሌሊት ጁፒተርን ፍለጋ ላይ ያንኑ ያደርጋል። መጥፎ መቆሚያ ላይ ተመልካቹ ዝላዩን አስቀድሞ ገምቶ ከዒላማው ከፍ አድርጎ ማጥበቅ ይለምዳል፤ ይህ ግን ልጆች ተሰልፈው ሲጠብቁ የሚሆን አይደለም።

ክብደትና ለጉዞ አመቺነትም ይቆጠራሉ፤ እዚህ የሚገኙ ብዙ ቴሌስኮፖች የሚገቡት ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ሲበላሽ እዚሁ መጠገን መቻሉንም አብሬ አያለሁ። የጊር ብዛትና የሳጥኑ ላይ ሥዕል ግን ምንም አይነግሩም።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

የካሜራ ትራይፖድ። ቤት ውስጥ ካለ ለአጭር 50 ወይም 60 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ በዝቅተኛ ጉልህነት ይሠራል፤ ጨረቃንና ሰባቱን እህትማማቾች ለማየት ይበቃል። ከ40 እጥፍ በላይ ሲሄዱ ችግሩ ይመጣል። የቪዲዮ ጭንቅላት ያለው ከተራው ይሻላል፣ እንቅስቃሴው ዘይት የተቀባ ያህል ለስላሳ ስለሆነ። ብዙዎቹ ግን ቀጥ ብለው ወደ አናት አያመለክቱም። ለዚህ ብሎ አዲስ መግዛት አያስፈልግም።

ከርካሽ ቴሌስኮፕ ጋር የሚመጣው ሹካ። በቀጭን የአልሙኒየም እግር ላይ የተቀመጠ፣ ቱቦውን በሁለት ጎን የሚይዝ፣ አንዳንዴም በጎኑ ላይ-ታች ማስኬጃ ቀጭን ዘንግ ያለው ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቴሌስኮፑን የሚያገኘው በዚህ ላይ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አሠራሩ ነው የሚበድለው። ቱቦው ከመዞሪያው ነጥብ በላይ ስለሚቀመጥ ወደ ላይ በቀና ቁጥር ክብደቱ ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ማጥበቂያው ካልያዘው ይንሸራተታል። ቀጭኑ ዘንግ የሚሄድበት ርቀት አጭር ነው፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ፈትቶ እንደገና መጀመር ነው። አናት ላይ ቱቦው ከእግሮቹ ጋር ይጋጫል። እስከ 60 ዲግሪ ከፍታ ድረስ ግን ከላይ እንዳልኩት የላይ-ታች እንቅስቃሴ ብቻ ስለሚያስፈልገን ከሌላው ዓለም ይልቅ እዚህ ይሻላል። ያለው ሰው ይዞ ይቆይ፤ የሌለው አይግዛው።

ባለአንድ ክንድ፣ በቀስታ ማዞሪያ እጀታዎች። ቱቦው ከመዞሪያው ጎን ስለሚታሰር ወደ አናት ቀጥ ብሎ ይቆማል። በሁለት ተጣጣፊ እጀታዎች በጥቂት በጥቂቱ ማዞር ይቻላል፤ ሳይፈቱ በእጅ ገፍቶ ወደ ሌላ የሰማይ ክፍል መውሰድም ይቻላል። ለ70፣ 80 እና 90 ሚሊሜትር ባለሌንስ ቴሌስኮፕ ከዚህ የተሻለ ቀላል መቆሚያ አላውቅም። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ እጀታ የሌለው፣ በፍትጊያ ብቻ የሚሠራ ዝርያ አለ፤ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ከ100 እጥፍ በላይ ለመከተል የተለማመደ እጅ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ጭንቅላቱ ጥሩ ሆኖ እግሩ ቀጭን የሆነ ብዙ ነው። ቱቦው ረጅም ከሆነ እግሩ የብረት ቧንቧ ወይም የእንጨት ይሁን። ወጪው ቀላል አይደለም፣ ጭንቅላትና እግር ሲደመሩ ከትንሹ ቴሌስኮፕ ዋጋ ሊበልጡ ይችላሉ። እኔ ገንዘቡ እዚህ ላይ ይዋል ባይ ነኝ፤ ቱቦው ሲቀየር መቆሚያው ይቀራልና።

የጠረጴዛ ዶብሶንያን። ጆን ዶብሰን በ1915 ቤጂንግ ተወልዶ በሳን ፍራንሲስኮ የእግረኛ መንገዶች ላይ አላፊ አግዳሚውን ሰማይ ሲያሳይ የኖረ ሰው ነው፤ በ1968 ከወጣቶች ጋር ያቋቋመው የመንገድ ዳር ተመልካቾች ቡድን ዛሬም ስሙ ይነሣል። የሠራቸው መቆሚያዎች ከተራ እንጨትና ከቴፍሎን የተሠሩ ሳጥኖች ነበሩ፤ ጊርም ማጥበቂያም የላቸውም፣ በእጅ ሲገፉ ይሄዳሉ፣ ሲለቀቁ ይቆማሉ። የዛሬዎቹ የጠረጴዛ ዓይነቶች የዚያ ልጆች ናቸው፤ 76፣ 114 እና 130 ሚሊሜትር መስታወት ይዘው ይመጣሉ። ባለ130 ሚሊሜትሩ በውጭ ገበያ ከ200 እስከ 300 ዶላር ገደማ ነው፣ ክብደቱም ከመቆሚያው ጋር 6 ኪሎ ተኩል ያህል ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ ይገባል።

ለእኛ ሰማይ ይህ በጣም ይስማማል። አይፒሱ ከቱቦው ጎን፣ ከላይኛው ጫፍ አጠገብ ስለሆነ ወደ አናት ሲያመለክት አንገት አይጎብጥም፤ የሚጋጭ እግርም የለም። ልክ አናት ላይ ግን ወደ ጎን መግፋት ያስቸግራል፣ ከዚህ ማንም አልት-አዚሙዝ አያመልጥም። ዋናው ጥያቄ ምን ላይ ይቀመጣል የሚለው ነው። የፕላስቲክ ጠረጴዛ ያንቀጠቅጠዋል። ባለሦስት እግር ወፍራም በርጩማ ከሁሉ ይሻላል፤ ሦስት እግር በወጣ ገባ መሬት ላይም አይናወጥም። በኮንዶሚኒየም ሰገነት ላይ ከሆኑ ደግሞ ሰው ሲራመድ ወለሉ ይርገበገባልና ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው ቆሞ እንዲቆይ ይንገሩት።

ከውኃ ቧንቧ የሚሠራ። አዲስ አበባ ውስጥ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ያለበት ሰፈር ሁሉ ይህን ማሠራት ይችላል። ባለአንድ ኢንች ተኩል የብረት ቧንቧ በአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ በኮንክሪት ይተከላል፤ ጫፉ ላይ በጥርስ የሚገባ ኤልቦ (የቧንቧ መታጠፊያ)፣ በኤልቦው ላይ አጭር ኒፕል (በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ያለው ቁራጭ ቧንቧ)፣ በኒፕሉ ላይ ፍላንጅ (የቡሎን ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረት)፣ በፍላንጁ ላይ ቱቦው የሚታሰርበት ወፍራም እንጨት። ኤልቦው በቧንቧው ላይ ሲዞር ግራና ቀኝ፣ ፍላንጁ ሲዞር ላይና ታች ይሆናል። ጥርሶቹ በግራሶ ይሞላሉ፣ እስከ መጨረሻ አይጠብቁም፤ ወደ ሁለት ዙር ያህል ተላልተው ይተዋሉ፣ አለዚያ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞሩ ይነክሳሉ። ቱቦው በጎን ስለሚንጠለጠል አናት ላይ አይጋጭም፤ በተቃራኒው ጎን ትንሽ ክብደት ማሰር ግን ያስፈልጋል። ከቦታ ቦታ አይሄድም። ለትምህርት ቤት ግቢ ግን ከዚህ የሚረክስና ከዚህ የሚጠነክር የለም፣ የሚሰበር ነገርም የለበትም። ቶርኖ ቤት ከተወሰደ ደግሞ በጥርሱ ፈንታ በናስ ማዞሪያ ሊሠራ ይችላል።

በሞተርና በኮምፒውተር የሚሄድ አልት-አዚሙዝ። ሁለት ኮከቦች ካስተካከሉለት በኋላ ራሱ ይፈልጋል፣ ራሱ ይከተላል። በመብራት በታጠበ ከተማ ውስጥ ደብዛዛ ነገሮችን ማግኘት ለሚከብደው ሰው እውነተኛ ጥቅም አለው። የኤሌክትሪክ ምንጭ ይፈልጋል፤ ብዙዎቹ 12 ቮልት ስለሚጠይቁ ተራ የስልክ ፓወር ባንክ አይበቃቸውም። ቦርዱ ሲቃጠል ደግሞ እዚህ መጠገኑ ይከብዳል። ኢትዮጵያ ውስጥ በተለይ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፦ ሰዓቱ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ለመሣሪያው 20፡00 ነው። በስድስት ሰዓት ልዩነት የተሳሳተ ቁጥር ሲገባለት ሰማዩን 90 ዲግሪ አዙሮ ይረዳውና ጁፒተርን መሬት ውስጥ ይፈልጋል። ቀኑም በፈረንጆች፣ በአሜሪካ መሣሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ወር ቀድሞ ይገባል፤ የሰዓት ቀጠናው ሲደመር 3 ነው፣ የበጋ ሰዓት (daylight saving) የሚለው ይጠፋል። «መሣሪያው ተበላሽቷል» ከማለት በፊት እነዚህን ያረጋግጡ።

ትንሹ ኢኳቶሪያል። ከ114 ሚሊሜትር ባለመስታወት ቴሌስኮፕ ጋር ብዙ ጊዜ ይመጣል። ችግሩን በከፊል ተናግሬያለሁ። ዘንጉ ወደ 9 ዲግሪ ሲወርድ የሚዛን ክብደቱ ከትራይፖዱ እግር ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ አንዳንዱ ጭራሽ እስከዚያ አይወርድም። ክብደቱ ከባድ ብረት ነው፣ ሻንጣ ይበላል። የባለመስታወቱ ቱቦ ሲዞር አይፒሱ አንዴ ላይ፣ አንዴ ከጀርባ ይሆናል። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሰው የሰሜን ኮከብን 39 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስለሚያገኝ ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ ረጅም ጊዜ ክፍት በሚቆይ ካሜራ ኔቡላ (በሰማይ ላይ ያለ ደብዛዛ የጋዝና የአቧራ ደመና) ማንሣት ለሚፈልግም ኢኳቶሪያል ተገቢ ነው፣ አልት-አዚሙዝ ቢከተልም ምስሉ እየዞረ ይሄድበታልና። የጨረቃን ፎቶ በስልክ ለማንሣት ግን ቀላሉ አልት-አዚሙዝ ይበቃል።

## በአጭሩ ሲታይ

| ዓይነት | እርጋታ | አናት ላይ | ለመሸከም | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| የካሜራ ትራይፖድ | ደካማ | ብዙዎቹ አይደርሱም | በጣም ቀላል | ካለ ምንም |
| ርካሹ ሹካ | ደካማ | ይጋጫል፣ ይንሸራተታል | ቀላል | ከቴሌስኮፑ ጋር ይመጣል |
| ባለአንድ ክንድ ከእጀታ ጋር | በእግሩ ይወሰናል፣ ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| የጠረጴዛ ዶብሶንያን | በርጩማው ጥሩ ከሆነ በጣም ጥሩ | ለተመልካች ምቹ | ቀላል | ዝቅተኛ |
| የቧንቧ | እጅግ ጥሩ | ጥሩ | አይንቀሳቀስም | በጣም ዝቅተኛ |
| ባለሞተር | መካከለኛ | እንደ አሠራሩ | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| ትንሽ ኢኳቶሪያል | መካከለኛ | ይቻላል፣ ግን አይመችም | ከባድ | መካከለኛ |

## ለማን የትኛው?

ገንዘቡ ትንሽ ለሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛና ልጆች ላሉት ቤተሰብ፦ የጠረጴዛ ዶብሶንያን፣ ከተቻለ ባለ130 ሚሊሜትሩ። ባለ76ቱ ለጨረቃ ይበቃል፣ ለፕላኔት ግን ቶሎ ይጠባል።

ጥሩ ባለሌንስ ቱቦ ይዞ በመቆሚያው የተማረረ ሰው ባለአንድ ክንዱን ይግዛ፤ ቱቦውን አይቀይር።

ለትምህርት ቤት የቧንቧውን እመርጣለሁ። ግቢው መሃል ተተክሎ የሚቆይ፣ ተማሪዎች ራሳቸው ሊሠሩት የሚችሉት እሱ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የታየውን የቀለበት ግርዶሽ ዓይነት ቀን ሲመጣ ደግሞ ማጣሪያው ከቱቦው ፊት፣ ከሌንሱ በላይ የሚገጠም መሆን አለበት። አይፒስ ላይ የሚጠለቀውን ትንሽ ጥቁር «የፀሐይ» ብርጭቆ ከሳጥኑ አውጥተው ይስበሩት፤ በሙቀት ተሰንጥቆ ዓይን ያጠፋል።

በሳዑዲ የሚኖሩ ወገኖች ኦገስት 2 ቀን 2027 ጅዳና መካ ላይ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ያገኛሉ። ለዚያ ቀን የሚመቸው በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ቱቦ፣ ባለአንድ ክንድ መቆሚያ እና የፊት ማጣሪያ ነው።

የከተማ ብርሃን ውስጥ ለሚኖር፣ ገንዘብ ላለውና ሰዓት ማስገባት ለማይሰለቸው ባለሞተሩ ይሆናል።

ምንም መግዛት ለማይችል፣ ያለውን ሹካ ማሻሻል ይቻላል። እግሮቹን አያርዝሙ፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይመልከቱ፣ ርግብግቡ በግልጽ ይቀንሳል። ከእግሮቹ መሃል ውኃ የተሞላ ባለ5 ሊትር ጀሪካን ያንጠልጥሉ፣ መሬቱን ለትንሽ ነካ ያድርግ፤ ሙሉ በሙሉ ከተንጠለጠለ ነፋስ ያወዛውዘዋል። የላሉ ቡሎኖችን በኪያቬ ያጥብቁ፣ በሹካውና በቱቦው መሃል ቀጭን የፕላስቲክ ሮንዴላ ያስገቡ፤ ያኔ ሳይነክስ ይዞራል። ቱቦው ወደ ኋላ የሚንሸራተት ከሆነ ከፊት ለፊቱ በኩል ትንሽ ክብደት፣ ለምሳሌ አሸዋ የተሞላ ካልሲ፣ በጎማ ላስቲክ ይሰሩለትና በቀን በመብራት ምሰሶው እንደገና ይፈትኑት።